ሽቦው ተበጥሶ የሚናገረው ስልክ

እትዬ መርፌ የስልካቸውን መነጋገሪያ በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ነበሩ፤ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ መርፌ ያላቸው ግን ለሙያቸው ብቻ አልነበረም፣ ምላሳቸውም ይወጋ ነበር። አስም ነበረባቸው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አያቸውና ትንፋሽ አጥሯቸው ረፋዱ ላይ እንደሞቱ ተናግሮ ቦርሳውን ዘጋ።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ምርመራው አልቆ ነበር የጠበቃት። አለቃዋ ቀድሟት መጥቶ፣ አይቶ፣ ፈርዶ በሩ ላይ ቆሟል። «ለደንቡ ያህል ነው የጠራሁሽ» አላትና ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አስረዳት። ሟቿ ሲያፍናቸው ስልክ አንስተዋል። ስልኩ አልሠራም። ያልሠራውም ከትናንት በስቲያ የመጣች አንዲት የስልክ ጠጋኝ መጋጠሚያውን በወጉ ሳታስር ሄዳ ሽቦው ለሁለት ስለተለያየ ነው። ጠጋኟ ተይዛ ደጅ በቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጥፋቴ ነው ብለሽ ፈርሚ ስትባል ግን አሻፈረኝ ብላለች።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። በመሥሪያ ቤቱ ሰዉ ሁሉ ከኋላዋ ወይዘሮ ለምን ነው የሚላት። እሷም ታውቃለች፤ ስድብ ነው ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ቤቱ ከነዋሪዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ባለ ፎቅ ነው። የስልኩ መስመር የሚገባው በላይኛው ፎቅ በኩል ሲሆን እዚያው ኮሪደሩ ላይ አንድ ስልክ ተቀምጧል። ከዚያ አንድ አሮጌ ሽቦ በደረጃው ግድግዳ ላይ እየተጎተተ ወርዶ፣ እትዬ መርፌ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ወደተዛወሩበት ታችኛው ክፍል ይገባል። ግድግዳው በተቀባ ቁጥር ሽቦውም አብሮ ስለተቀባ የቱ ሽቦ የቱ ግድግዳ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በተበጠሰበት ቦታ ሁሉ አንዱ የቤቱ ሰው ጠምዝዞ አያይዞ በቁስል ፕላስተር ጠቅልሎታል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ስልኩ ይንኮሻኮሻል፣ ሲብስበትም ጭራሹን ድምፁ ይጠፋል፤ የቤቱ ሰዎችም ግድግዳውን በቡጢ እየደበደቡ መስመሩን መቀስቀስ ለምደዋል። ዛሬ ግን ከደረጃው ሥር ያለው መጋጠሚያ ፕላስተሩ ተልጦ፣ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተንጠልጥለዋል።

መርማሪዋ ወደ ሟቿ ክፍል ገብታ ከወንበሩ ጀመረች። እትዬ መርፌ በወንበራቸው ክንድ ላይ ትንሽ ኪስ ሰፍተዋል። ኪሷ ሲያፍናቸው የሚስቡት የአስም መድኃኒት፣ የፓፋቸው ማስቀመጫ ነበረች፤ እጃቸውን ሳይዘረጉ እንዲያገኙት በልኩ የተሰፋች። አሁን ባዶ ናት። ፓፉ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ፣ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። እግሯ የደከመ አሮጊት ከወንበሯ ተነስታ እዚያ ልትደርስ አትችልም።

ከዚያ መነጋገሪያውን ከሟቿ ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ዝም ብሏል። በቦታው መለሰችው፤ ትንሽ ቆየችና እንደገና አነሳችው።

ቱ የሚለው ረጅም ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማት።

መነጋገሪያው ተነስቶ ብዙ የቆየ ስልክ ድምፁ እንደሚጠፋና ሲመልሱት እንደሚነቃ ታውቃለች። ሽቦው የተበጠሰ ስልክ ግን ቢያነሱትም ቢመልሱትም አይነቃም። ወደ ደረጃው ወጥታ ሁለቱን ጫፎች ዳግመኛ አየቻቸው። አልተነካኩም። ተመልሳ ገባች፤ ስልኩ አሁንም ይናገራል። የሞተው የመሰለው ስልክ በሕይወት አለ፤ የሞቱት እትዬ መርፌ ናቸው። አለቃውን ጠርታ ብታሰማው «አሮጌ ቤት ውስጥ ስንት ነገር አለ» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ።

ወደ ፖሊስ መኪናው ሄደች። መኪናውን የሰፈር ሰው ከቦታል፤ ትናንት በራቸውን የከፈቱላት ሰዎች ዛሬ በጣታቸው ይጠቁሟታል። ጠጋኟን ሽቦ ይሏታል። ይህ ሰፈር ሰውን በብረታ ብረት መጥራት ይወዳል። ሽቦ የተባለችውም ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን አልታጠፍ ባይ ስለሆነች ጭምር ነው።

«እርስዎም ሊያስፈርሙኝ ከሆነ ካሁኑ ይመለሱ» አለቻት፣ ገና ሳትቀርባት።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያ መጋጠሚያ ያንቺ ነው?»

«የእኔ? እኔ የስልክ ሽቦ በቁስል ፕላስተር የምጠቀልል እመስላለሁ? በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚገጥም ካለ አምጡልኝና እጄን ልስጥ። እኔ የገጠምኩትን ሁለት በሬ ቢስበው አይለቅም።»

ጉራዋ ለከት አልነበረውም፤ ነገሯ ግን ቀጥ ያለ ነበር። አሮጌው ሽቦ እንደማይረባ ስላየች ከላይም ከታችም ቆርጣ ከመስመር አውጥታዋለች። በምትኩ አዲስ ኬብል ከቤቱ ውጭ ካለው ሳጥን አውርዳ፣ የውጭውን ግድግዳ ይዛ፣ የመስኮቱን ጥግ በመሰርሰሪያ በስታ፣ በቁምሳጥኑ ጀርባ አሳልፋ ለእትዬ መርፌ ስልክ ሰጥታለች። አሮጌውን ልንቀለው ስትል አሮጊቷ ግድግዳዬን አትላጪብኝ ብለው ከለከሏት፤ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከቤቱ ሰዎች ለማን እንደተነገረ፣ ለማን እንዳልተነገረ ግን አታውቅም። አሮጊቷ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ወሬውን ለእኔ ተዪው» ነበር ያሏት።

«ይሄንን ለአለቃችን ነግረሽዋል?»

«እስኪሰለቸው። ተጠርጣሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አለኝ። ከፈረምሽ ይቀልልሻልም አለኝ። እትዬ፣ እኔ የምበላው በእጄ ነው። ዛሬ እዚያ ወረቀት ላይ ከፈረምኩ ነገ ማን በሩን ይከፍትልኛል? እስር ቤት ልግባ ግድ የለም፤ ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገችው። አዲሱ ነጭ ኬብል ከመስኮቱ ጥግ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ለአለቃው አሳየችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሰውየው ኬብሉን ሳይሆን በእጁ ያለውን ያልተፈረመ ወረቀት ነበር የሚያየው። ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል፣ ትዕዛዝ ነው አላት።

«አልዘጋም» አለችው። «እምቢ ብላለች ብለው በእኔ ላይ ይጻፉ።»

ይህን ያለችው ድምጿን ሳታነሳ ነው። አለቃው ከዚህ በፊትም እንዲህ ስትል ሰምቷት ያውቃልና ተከራክሮ ከመሸነፍ ጊዜ መስጠት ይሻላል ብሎ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ፈቀደላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽቦ ወደ እስር ቤት ትሄዳለች።

በቤቱ ውስጥ ከሟቿ ሌላ የሚኖሩት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ የሟቿ ታናሽ እህት፣ እትዬ ቁልፍ ናቸው። ስሙን ያገኙት ከወገባቸው ከማይለየው የቁልፍ ዘለላ ነው። ስኳሩም ሳሙናውም የሚቆለፍበት ቤት ነበር፤ እርሳቸው በተንቀሳቀሱ ቁጥር ቁልፉ ይንሿሿል። መርማሪዋ ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እጃቸው ግን ከሥራው አልተለየም፣ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ያጥባሉ።

ቤቱን የሚያስተዳድሩት እርሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። «ያለ እኔ ፈቃድ እዚህ ቤት ሚስማር አይመታም» አሉ። ጠጋኟ የመጣች ቀን ግን እርሳቸው የታመመች የልጅነት ጓደኛቸውን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ እህታቸው መጋጠሚያው ታደሰ ብለው ነገሯቸው። የአስም ፓፉን ዛሬ ጠዋት አቧራ ሲያራግፉ ከኪሱ አውጥተው ቁምሳጥኑ ላይ ያስቀመጡት እርሳቸው ናቸው። ሳይመልሱት ረሱት። ይህንን ሲናገሩ መርማሪዋ ውሸት አልሸተታትም።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጓሮ ነዋ። ዝናቡ ስላባራ ልብስ ሳጥብ ሳሰጣ ረፈደ። ጓሮ ሆኜ ምኑን እሰማለሁ ልጄ? ምስኪን እህቴ፣ ሦስተኛውን ቁጥር እንኳ ሳታዞር ቀረች። ያቺ ልጅ እጇ ይሰበር!»

መርማሪዋ አጽናንታቸው ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ አየች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሰው ሄደች።

ሁለተኛው የሟቿ የወንድም ልጅ ነው። ቤቱ ይሸጥ እያለ አክስቱን ሲነዘንዝ የኖረ ጎልማሳ፤ እርሳቸውም በመጣ ቁጥር «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው» እያሉ ሲመልሱት የኖሩ። ፍርዱ ለሰፈሩ ቢተው ኖሮ ከሽቦ ይልቅ እሱን ነበር የሚያስረው። ጠዋቱን ግን በሚሠራበት ጋራዥ እንደዋለ ባልደረቦቹ መስክረዋል። ምሳ ሰዓት ሲመጣ አክስቱን ሞተው አገኛቸው፤ የታችኛው ስልክ ዝም ብሏል፤ ወደ ላይ ሮጦ ያኛውንም ቢያነሳው ዝም ነው፤ ወጥቶ ከመድኃኒት ቤት ደወለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር።

«ምን ደበቅከኝ?» አለችው መርማሪዋ።

መጀመሪያ «ምንም» አለ። ቀጥሎ ውሃ ጠጣ። በመጨረሻም «መሰላሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ» አለ። አዲሱ ኬብል በውጭ ግድግዳ ሲወርድ ቆሞ አይቷል። ታናሿ አክስቱ ሳይሰሙ ያልቅ ዘንድ ታላቋ አክስቱ አስምለውታል፤ ትሰማና ወዮልህ ብለውታል። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኬብሉ ከሆነ መሰላል ያዡም አብሮ ይታሰራል ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። አንዲት ሴት በእሱ ዝምታ መኪና ውስጥ እንደተቀመጠች መርማሪዋ ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

ሦስተኛው ተከራዩ ናቸው። በላይኛው ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ክፍል የሰው ሰዓት እየጠገኑ የሚኖሩ ብቸኛ ሰው። አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያወልቁ ነው የተቀበሏት። መሰርሰሪያው ከመስኮታቸው ሥር ሲጮህ እጃቸው ተንቀጥቅጦ አንዲት የሰዓት ሞላ እንደጠፋችባቸው በምሬት ነገሯት። እርሳቸውንም እትዬ መርፌ ለታናሿ እንዳይናገሩ ለምነዋቸዋል።

«ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚሁ ነበሩ?»

«ወዴት እሄዳለሁ።»

«የሰሙት ነገር አለ ጋሼ?»

«ስልኩን ሰምቻለሁ። አልጠራም፤ ብቻ ሲርገበገብ። ታች ሰው ቁጥር ሲያዞር የላይኛው ስልክ ቃጭል ይርገበገባል፤ እዚህ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቁጥር ዞረ፣ ሁለተኛው ዞረ፣ ሦስተኛው ጀምሮ እንደታነቀ ሰው ቁርጥ አለ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም።»

«ከዚያስ? ሰው ሰሙ?»

«ሰውስ አልሰማሁም። ያው የቤቱ ድምፅ ነው እንጂ።»

«ይሄን ሁሉ ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዝም አይነቅዝም» አሉ፤ ወደ ሰዓታቸው ተመለሱ።

መርማሪዋ ተናደደች። በዚህ ቤት ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሁሉም ዝም ብሏል፤ ዝምታቸው ሁሉ ተጠራቅሞ አንዲት የቤቱ ሰው ያልሆነች ሴት ትከሻ ላይ ወድቋል። አጭበርባሪን ትታገሳለች፤ የሚያውቁትን ይዘው ተመቻችተው የሚቀመጡ ሰዎች ግን ሆዷን ያቃጥሏታል። ፀሐይዋ ከጣሪያው ልትወርድ ስትል አለቃውን ጨምሮ ሁሉም ላይኛው ኮሪደር፣ ስልኩ ዘንድ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ሽቦም እጇ እንደታሰረ ከመኪናው ወርዳ መጣች። መርማሪዋ አንዱን ፖሊስ ታች ሟቿ ክፍል ቁጥር እንዲያዞር አስቀምጣዋለች። አስከሬኑ ከተነሳ ቆይቷል።

«ሁላችሁም ወደ ደረጃው ተመልከቱ» አለች። «መጋጠሚያው እንደተበጠሰ ነው። ማንም አልነካውም። ጀምር!» ብላ ወደ ታች ተጣራች።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ ቃጭሉ ቅልል ባለ ድምፅ ተርገበገበ። እትዬ ቁልፍ ወደ ተንጠለጠለው ሽቦ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ፣ እንደገና ወደ ሽቦው አዩ።

«ሁለት ስልክ በአንድ መስመር ላይ ሲሆን እንደ ሁለት እህት ነው» አለች መርማሪዋ። «አንዷ ስትነካ ሌላዋ ትሰማለች። ተከራዩ ዛሬ ረፋዱ ላይ ይህንን ቃጭል ሰምተዋል። ስለዚህ እትዬ መርፌ ሲያፍናቸው ስልካቸው ደህና ነበር፤ ያቺ ልጅ የሠራችው ሥራ በሚገባ ሠርቷል። የገደላቸው የተበላሸ ስልክ አይደለም።»

ሽቦ «ብያለሁ» አለች። አለቃው ዝም በይ አላት። እሷ ግን አንዴ ደገመችው።

«ታዲያ ሦስተኛው ቁጥር ለምን ታነቀ? አሁንም አዙር!» አለች መርማሪዋ ወደ ታች። ቃጭሉ አንዴ ተርገበገበ፣ ሁለቴ ተርገበገበ። ሦስተኛው ሲጀምር እጇን ዘርግታ የኮሪደሩን መነጋገሪያ አነሳችው። ቃጭሉ ቁርጥ አለ። ተከራዩ «እሱ ነው፣ ልክ እንዲሁ ነው» አሉ። ከታች ፖሊሱ ቁጥሩ እንቢ አለኝ ብሎ ጮኸ። «እንቢ ይላል። ይህንን ያነሳ ሰው መስመሩን ይይዘዋል፤ ታች ያለው እስኪደክመው ቢያዞር የትም አይደርስለትም። ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚህ ቦታ፣ እኔ የቆምኩበት ላይ፣ አንድ ሰው ቆሞ መነጋገሪያውን አነሳ። እትዬ መርፌ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ድረስም አልመለሰውም።»

የወንድም ልጁ ከስልኩ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«ያ ሰው ከዚያ ተጨነቀ» ስትል ቀጠለች። «ስልክ ይዛ የሞተች ሴት ለምን እርዳታ አልጠራችም ተብሎ ይጠየቃላ። ስለዚህ ወርዶ ደረጃው ሥር ያለውን መጋጠሚያ ጎትቶ በጠሰው፤ ጥፋቱ የጠጋኟ እንዲሆን። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። የበጠሰው ሽቦ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የሞተ ሽቦ ነው። ሬሳ ነው የገደለው። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። በዚህ ቤት ውስጥ ያ ሽቦ እንደሞተ ያላወቀ ማን ነው?»

«እኔ አውቃለሁ፤ መሰላሉን ይዣለሁ» አለ የወንድም ልጁ ቶሎ ብሎ።

«ሞላዬን ያጠፋብኝ እሱ መሰርሰሪያ አይደል» አሉ ሰዓት ሠሪው።

ሌላ የተናገረ አልነበረም። ሚስማር እንኳ ያለ ፈቃዳቸው የማይመታባቸው፣ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በወገባቸው የተንጠለጠለ እመቤት፣ ግድግዳቸው መበሳቱን ያልሰሙ ብቸኛ ሰው እርሳቸው ነበሩ። ቁጣቸው ስለሚፈራ ቤተሰቡ ተመካክሮ ደብቋቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። «የሚያውቅ ሰውም ሆን ብሎ፣ እኔ አይደለሁም ለማለት የሞተውን ሊበጥስ ይችላል» አለ። መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ ብላ በልቧ አመሰገነችው።

«ይችላል። ለዚህ ነው ሌሎቹን ሁለት ነገሮች የያዝኳቸው። እትዬ፣ ጓሮ ሆነው ምንም እንዳልሰሙ ነገሩኝ። እህትዎ ሦስተኛውን ቁጥር ሳያዞሩ እንደቀሩም ነገሩኝ። ስልኩ በሽቦው መበጠስ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ቁጥር እንደዞረ በምን ይታወቃል? ያንን የሚያውቅ ይህ ቃጭል ሥር የቆመ ሰው ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። «ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ የሰሙት የቤቱ ድምፅ ምን ነበር?»

ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን አወለቁ። መልሱ አሁን ገና ለራሳቸውም የገባቸው መሰሉ። ወደ እመቤቲቱ ወገብ አዩና «ቁልፍ» አሉ በዝግታ። «የቁልፍ ድምፅ ነበር። ሁልጊዜ ስለምሰማው ሰው ብዬ አልቆጠርኩትም።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች መርማሪዋ። ይህን ያለችው ግን በድል ስሜት አልነበረም፤ ከፊቷ ያሉትን ሴት ሽበት እያየች ነበር።

እትዬ ቁልፍ አላለቀሱም፣ አልካዱምም። የቁልፉን ዘለላ ከወገባቸው ፈትተው ስልኩ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁሉንም በየተራ አዩአቸው።

«አዎ፣ አንስቻለሁ» አሉ። «ፓፉን የረሳሁት እውነቴን ነው። እዚህ ፎቅ ላይ አልጋ ሳነጥፍ ቃጭሉ ተርገበገበ፤ ማን ጋ ልትደውል ነው ብዬ አነሳሁት። ሲያፍናት ሰማሁ። ያን ጊዜ የት እንዳስቀመጥኩት ትዝ አለኝ። እሷም በስልኩ ሰማችኝ። ‹ሚጡ፣ ነይ› አለችኝ። እንደ ልጅነታችን።»

የቁልፉን ዘለላ በጣታቸው ገፋ አደረጉና ቀጠሉ።

«ጸጉሬ ሳይሸብት ጀምሮ ነይ ስትለኝ መጥቻለሁ። ሰው ለትዳር ሲጠይቀኝ እሷ መለሰችለት፤ ሥራ ሳገኝ ለመርፌዬ ክር ማን ይሰካልኛል አለች። ሆስፒታል ያለችው ጓደኛዬ አብረን እንኑር ስትለኝ፣ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ሬሳዬ ከዚህ ቤት ሲወጣ ትሄጃለሽ አለችኝ። ዛሬ ነይ ስትለኝ አልሄድኩም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ አልሄድኩም!»

ለመርማሪዋ እውነት የያዘ ንግግር እንደነበር ተሰምቷታል፤ አስከፊነቱም እዚያ ላይ ነበር።

«አለመሄድ መብትዎ ነበር» አለች። «ጓደኛዎ አብረን እንኑር ያለችዎት ቀን ቁልፉን አሁን እንዳስቀመጡት ለእህትዎ ጥለው፣ በሩን ከፍተው መሄድ ይችሉ ነበር። ማንም አይይዝዎትም ነበር። መስመሩን ግን ያዙባቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይጠሩ። ከዚያም ይህችን ልጅ በእርስዎ ጥፋት አሳልፈው ሰጧት። እርሷ ነይ ብላዎት አታውቅም።»

እትዬ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሽቦ ዞሩ። የታሰሩትን እጆቿን አዩ፤ ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የተሰበረው። የወንድም ልጁ ደግፎ ፖሊሱ ወዳለበት ወደ ታች ወሰዳቸው። ያለ ቁልፉ ድምፅ ደረጃውን ሲወርዱ ሰዓት ሠሪው ፊታቸውን አዞሩ።

አለቃው የሽቦን እጅ ፈታ። ከኪሱም ሌላ ወረቀት አወጣ፤ ንብረቴን ተረክቤ በነፃ ተለቅቄያለሁ የሚል ነው። እስክሪብቶውን ሰጥቶ «ፈርሚና ሂጂ» አላት።

ሽቦ አንጓዋን አሻሸች። «አልፈርምም» አለች።

«እንዴ! ይሄ እኮ መለቀቂያሽ ነው።»

«ያስገቡኝ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነው። ያ መጋጠሚያ የሷ አይደለም ይበሉ።»

«የሷ አይደለም» አለ አለቃው፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል።

መርማሪዋ ሳትጠየቅ ሄዳ የኮሪደሩን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከታች፣ መኪናውን ከብቦ የዋለው ሰው ቀና አለ።

«አልተሰማም» አለች ሽቦ።

አለቃው መርማሪዋን አያት። እርሷ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። ሰውየው በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ተጠጋና መንገዱ እስኪሰማው ድረስ ድምፁን አውጥቶ፣ መጋጠሚያው የዚህች ሴት ሥራ እንዳልሆነ፣ የእሷ ሥራ ደህና እንደነበር ተናገረ። አንዲት ጎረቤት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሽቦ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ወረቀቱን ተቀብላ ፈረመች።

ከዚያ መሣሪያዋን ተረክባ ደረጃውን ወረደች። ግድግዳዬን አትላጪብኝ የሚላት ስላልነበረ፣ ፒንሳዋን አውጥታ የሞተውን ሽቦ ከነቀለሙ ከግድግዳው ላይ እየነቀለች እስከ ታች ድረስ ሄደች።